ቅቤ መስሎ ሶሎሎ የሄደው ሀርድ ዲስክ

ሰው አንድ ጊዜ «አዋቂ» ከተባለ አለቀለት። እኔን አዋቂ ያሰኘኝ ፕሪንተር ነው። ልጄ ሚሚ ናይሮቢ ኮሌጅ ስትገባ የቤቱን ኮምፒውተር፣ ጡብ የሚያህል ጥቁር ሀርድ ዲስክና አንድ ቁጡ ፕሪንተር ጥላልኝ ሄደች። አንድ ቀን ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ። ጎረቤት ቆሞ እያየኝ ስለነበር አፈርኩና በጥፊ አልኩት። ለቀቀ! ከዚያን ቀን ጀምሮ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የሰፈራችን የኮምፒውተር ሐኪም እኔ ነኝ። ሕክምናዬ ግን እስከ ዛሬ ያችው ጥፊ ናት።

የእውነት ሥራዬ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። የፍሬን ሸራ፣ የዘይት ማጣሪያ፣ ቺንጋ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለሠራሁት ስህተት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። መለዋወጫ ሻጭ «ቀዳዳው ልክ ከሆነ ዕቃው ልክ ነው» ብሎ የሚያምን ፍጡር ነው። ይህ እምነት በጭነት መኪና ላይ እንኳን ሁልጊዜ አይሠራም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ማማ ሀሊማ መጣች። ማማ ሀሊማ የአጥር ጎረቤታችን ናት። ቦረና ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር የቀረች። አማርኛዋን የተማረችው ከባለቤቴ ከእታገኝ ጋር በአጥር ላይ ሃያ ዓመት ስታወራ ነው። ስለዚህ ስለ ወጥና ስለ ባሎች ጥፋት ስትናገር አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሌላው ላይ ሲጠፋት ከስዋሂሊም ከኦሮምኛም ታክልበታለች።

«ባባ ሚሚ» አለችኝ። እዚህ ሰው በልጁ ስም ነው የሚጠራው። «እሁድ ረህማ ትዳራለች። ያቺን ቪዲዮ አምጣልኝ።»

«የቷን ቪዲዮ?»

«የምዜን ነዋ! ምርቃቱን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጇ ሀሊማ ስትዳር የማማ ሀሊማ ባል ምዜ ጋልገሎ («ምዜ» እኛ ጋ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው) ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ልጃቸውን መረቁ። በማማ ሀሊማ ስልክ የቀረጽኩት አዋቂው እኔ ነኝ። ከሠርጉ በስድስተኛው ወር ምዜ ሞቱ። ድምፃቸው ያለበት ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም። እንግዲህ እሁድ፣ ትንሿ ረህማ ከቤት ከመውጣቷ በፊት፣ እናቷ ያንን የአባቷን ድምፅ ልታሰማት ኖሯል።

ቪዲዮው እኔ ጋ የመጣው ደግሞ እንዲህ ነው። ማማ ሀሊማ አንድ ጊዜ «ስልኬ ሞላሁ እያለ ይጮኻል» ብላ ሜሞሪ ካርዱን ሰጠችኝ። ቪዲዮውን ወደ ሚሚ ሀርድ ዲስክ ገለበጥኩና ከካርዱ ላይ አጠፋሁት። «በቃ፣ ባንክ ገባ በይው፤ ከእንግዲህ አይጠፋም» አልኳት። አንድን ነገር ሁለት ቦታ ማስቀመጥ የሚባል ብልሃት መኖሩን የሰማሁት በኋላ ነው። አይጥ እንኳን ሁለት ቀዳዳ አላት፤ እኔ ግን አዋቂ ነበርኩ።

«ሻይሽን እስክትጠጪ ይደርሳል» ብዬ ከእታገኝ ጋር አስቀመጥኳትና ሀርድ ዲስኩን ሰካሁ። መብራቱ በራ። ከሆዱ ውስጥ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ወጣ። ዝም አለ። «ጢቅ።» ዝም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ ብቅ አለና፣ እንግዳ አይቶ ወደ ጓዳ እንደሚሮጥ ሕፃን ተመልሶ ጠፋ። ነቅዬ ሰካሁ። ብቅ አለ፤ ጠፋ። በጥፊ አልኩት። በዚህኛው ላይ አልሠራም።

በአራተኛው ሙከራ ኮምፒውተሩ ጥያቄ አወጣ፤ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል። «ፎርማት» የሚለው ቃል ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ማስተካከል፣ ማሰማመር ይመስላል። ጣቴ «እሺ» ላይ ደርሳ ነበር። ምን እንዳዳነኝ አላውቅም፤ እውቀት አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ለሚሚ ደወልኩ።

«ሚሚዬ፣ ፎርማት ላድርገው እያለኝ ነው። ልበለው?»

«አባዬ! እጅህን አንሳ!»

«ከምኑ ላይ?»

«ከሁሉም ነገር ላይ! ፎርማት ካደረግኸው ያለውን ሁሉ ይደመስሰዋል። በቃ አትንካው፤ ለሚያውቅ ሰው አሳየው።»

«እኔስ?»

«አባዬ፣ ክላስ ልገባ ነው» ብላ ዘጋችው።

የሚያውቅ ሰው አለ። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ታላሶ የምትባል ሴት ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ እጇ ደግሞ ወርቅ ነው ይላሉ። ችግሩ እኔ ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «ታላሶ ስልክ ነው የምታውቀው። የኮምፒውተር ነገር ከሆነ እኔ አለሁ» ስል መኖሬ ነው። እንዴት ብዬ ዲስክ ታቅፌ ልሂድ? ስለዚህ ወደ ሳሎን ወጣሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ «ማማ ሀሊማ፣ ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋል። ነገ» አልኳት።

«ነገ፣ ሳዋ፤ እሺ» ብላ አመስግናኝ ሄደች። እባካችሁ ምስጋናዋን ልብ በሉልኝ።

ማክሰኞ አንድ ግኝት አገኘሁ። ዲስኩ በጎኑ ቆሞ የስኳር ጣሳ ከተደገፈ፣ እኔ በግራ እጄ የገመዱን አንገት ከያዝኩ፣ በቀኝ እግሬ ደግሞ ሶኬቱን ከረገጥኩ ያነባል። አያነብም የሚል ካለ እታገኝ ምስክሬ ናት። ማውሱን የያዘችው እሷ ነበረች። እኔ በአንድ እግሬ እንደ ሽመላ ቆሜ «ጎትቺው! ልቀቂው! ወደ ግራ!» እላለሁ። መገልበጥ ጀመረ። ሃያ ከመቶ፣ ሃምሳ፣ ሰባ። ላቤ በአፍንጫዬ ወረደ። ሰማንያ ሦስት ላይ ከአጥሩ ማዶ «ባባ ሚሚ! ደረሰ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ ዘወር አልኩ። ጢቅ።

«ነገ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ለሰው የሌለህን ነገ ለምን ትሰጣለህ?» አለች እታገኝ ማውሱን እያስቀመጠች። እኔ ደግሞ በኤሌክትሪኩ አሳበብኩ። መብራታችን ከኢትዮጵያ በኩል ነው የሚመጣው። ፓስፖርት ሳይጠየቅ ድንበር የሚሻገር እሱ ብቻ ነውና ደክሞት ነው የሚደርሰው አልኳት። አልሳቀችም።

ረቡዕ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቺንጋ ሊገዛ መጣና ጭንቀቴን ስነግረው ሳቀ። «ይሄማ ቀላል ነው። ጢቅ ጢቅ የሚለው ስለሚግል ነው። ናይሮቢ ያለው የአጎቴ ልጅ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ ነው ያዳነው።» ሾፌሩ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል ብዬ አልጠየቅሁም። አዋቂ አዋቂን አይጠይቅም። ቤት ገባሁ፤ እርጥበት እንዳይነካው ዲስኩን በሁለት ጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ በላስቲክ አሰርኩና ፍሪዘሩ ጥግ ወተፍኩት። ለእታገኝ አልነገርኳትም። ብነግራት «ለምን?» ትለኛለች፤ ለዚያ ደግሞ መልስ አልነበረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት ከሱቅ መጥቼ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ጥቅሉን አወጣሁ፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ላስቲኩን ፈታሁ፤ አንዱን ፌስታል፣ ሁለተኛውን ፌስታል። ውስጡ ቅቤ ነው። በእመቤቴ እላችኋለሁ፣ ለአንድ አፍታ «ቅዝቃዜው ቢበዛበት ነው» ብዬ አስቤያለሁ።

«እታገኝ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ።» ወጥ ቤት ሆና ነው። ከዚያ ብቅ አለች። «ቅቤውንማ ጠዋት ለአስካለ ላክሁላት እኮ።»

አስካለ የእታገኝ የአክስት ልጅ ናት፤ ሶሎሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ሻይ ቤት አላት። እታገኝ ቅቤ ባገኘች ቁጥር በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ አድርቃ፣ በሚሄድ መኪና ትልክላታለች። ያን ቀንም ልካለች። ጥቁር ፌስታል፣ ላስቲክ፣ ጡብ የሚያህል፣ የደረቀ። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? እኔም ብሆን እሱን ነበር የምልከው።

ስልክ መታሁ። ሶሎሎ ያን ጊዜ ኔትዎርክ እንደ ዝናብ ነበር፤ ሲመጣ ይመጣል።

«አስካለ! ከእታገኝ የመጣልሽን ቅቤ እንዳታቀልጪው!»

«ምን? ይቆራረጣል! ቅቤውን ምን ላድርገው?»

«እን-ዳ-ታ-ቀልጪው!»

«እሺ! አሁኑኑ!» አለችና ጠፋች።

የአማርኛ ክልከላ ከፊት መምጣቱ ያን ቀን ገደለኝ። ኔትዎርኩ «እንዳት»ን ውጦ «አቅልጪው»ን አድርሷል። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል የለችም።

በማግስቱ ማለዳ ቦዳቦዳ ያዝኩ፤ የኪራይ ሞተር ሳይክል ማለት ነው። መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ጉድጓዶቹ ተቀባበሉን። ሶሎሎ ስደርስ ከአቧራው የተነሳ አስካለ አላወቀችኝም፤ «ግቡ አባቴ፣ ሻይ ነው?» አለችኝ። ዓይኔን ጠርጌ «እኔ ነኝ። ቅቤው የታለ?» አልኳት።

«ውይ! ምን ነካህ? እሱማ ቅቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ! የታለ?»

«አቅልጪው ስትለኝ ግራ ገባኝ» አለች እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። «ዓይን አለኝ፤ ቅቤ አለመሆኑን አይቻለሁ። ግን እታገኝ ‹ባሌ ኮምፒውተር አዋቂ ነው› ትላለች። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ፣ እሳት ላይ ከማድረጌ በፊት ፀሐይ ይሞክረው አልኩ። ትናንት ከሰዓት ሙሉ እዚያ ነው የዋለው፤ ዛሬም ጠዋት መልሼ አወጣሁት።» ወደ ሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ጠቆመችኝ።

በመሰላል ወጥቼ አነሳሁት። ያቃጥላል። እንግዲህ ይህ ዲስክ በረዶ ውስጥ አድሯል፣ በጭነት መኪና ተንገጫግጯል፣ ቆርቆሮ ላይ ተጠብሷል። አሁን ደግሞ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬው በዚያው መንገድ ሞያሌ ይመለሳል። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ዲስኩ አልነበረም። ምዜ ጋልገሎ ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ስለ ግመል የሚያጫውቱኝን፣ ሳል ሲይዛቸው እንኳን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በእጃቸው «ቆይ» የሚሉኝን ነበር የማስበው። ያ ድምፅ በእኔ እጅ ነበር። «ባንክ ገባ» ብዬ የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ማማ ሀሊማ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ከአናቴ እስከ ጫማዬ አቧራዬን አየችና «ፖሌ፣ አይዞህ ባባ ሚሚ፣ ለእኔ ብለህ ደከምክ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺን «ለእኔ ብለህ» መሸከም አቃተኝ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጢቅ ጢቁን፣ ፍሪዘሩን፣ ሶሎሎን፣ ጣሪያውን።

«ካርዱስ?» አለች።

«ካርዱን ያኔውኑ ነው ያጠፋሁት። ሌላ ቦታ የለም።»

ሻሿን ወደ ፊት ሳበች።

«ቪዲዮው ከጠፋ የአላህ ነው። ምዜ ራሱ ሄዷል። ግን ሰኞ ‹ነገ› አልክ። ማክሰኞ ‹ነገ› አልክ። እኔ ለረህማ ነገርኳት። ልጅቷ ‹የአባቴን ድምፅ እሰማለሁ› እንጂ ሌላ አታወራም። ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አፍሬያለሁ።»

«ይሄ ይሻላል» አለች። ከዚያ «ታላሶ አየችው?» ብላ ጠየቀች።

«አላየችም።»

«ለምን?»

እኔ መልስ እየፈለግሁ ሳለ እታገኝ ከጓዳ «ኮርቶ ነዋ!» አለችልኝ። ባለትዳር መሆን ይህ ጥቅም አለው፤ የሚከብድህን ቃል ሌላ ሰው ያነሳልሃል።

ቅዳሜ ጠዋት ማማ ሀሊማ ዲስኩን ራሷ ይዛ ፊት ፊት ሄደች። እኔ ገመዶቹን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ፤ እታገኝ ደግሞ እንዳላመልጥ ከእኔ ኋላ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ አየን።

ታላሶ ዲስኩን ተቀብላ አገላበጠችው። አሸተተችው። «ቅቤ ቅቤ ይላል» አለች። ሰካችው። ጢቅ። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ነቀለችው። ከዚያ ዲስኩን ትታ የኤሌክትሪኩን ገመድ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰካውን አዳፕተር አነሳች፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አነበበች።

«ይሄ ከየት መጣ?»

አስታወስኩ። የዲስኩ የራሱ አዳፕተር በዝናቡ ጊዜ መብራት መጥቶ ሲሄድ ተቃጥሎ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ስፈልግ ሌላ አገኘሁ፤ ብሰካው ልክ ገባ።

«የትንሿ ሬዲዮ ነው» አልኩ። «ቀዳዳው ልክ ነበር።»

ታላሶ አየችኝ። ሳቅ መጥቶባት ታግሳለች፤ ያን አልረሳላትም። «ዲስኩ አልታመመም» አለች። «ርቦት ነው። የሚበላውን ግማሽ ነው የምትሰጠው። ለመነሳት ይሞክራል፣ አቅም ያጣል፣ ይወድቃል። ጢቅ የሚለው እሱ ነው። ሌላ አንድ ቀን እንዲህ ስትሰካው ብትውል ኖሮ ግን ይገድለው ነበር።»

ከመደርደሪያዋ ሌላ አዳፕተር አውጥታ ሰካችው። ከዲስኩ ሆድ ጢቅ አልመጣም። ቀጭን፣ ለስላሳ ዋይታ መጣ፤ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ረጋ። ስሙ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አልጠፋም። ማማ ሀሊማ እጄን ያዘች፤ በኋላ ሳየው ጥፍሯ ምልክት ትቷል።

ታላሶ ቪዲዮውን አገኘችና በፍላሽ ገለበጠችው። ከዚያ በማማ ሀሊማ ካርድ ላይ። ከዚያ በራሷ ኮምፒውተር ላይ። «ሦስት ቦታ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ለማን እንዳለችው ግን አራታችንም እናውቃለን።

እሁድ በማማ ሀሊማ ግቢ ሸራ ተወጥሮ፣ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ምንጣፍ ላይ ሞልቶ ነበር። ታላሶ ፍላሹን ሰካች። መጀመሪያ የታየው የሰው ጫማ ነው። ቀጥሎ አውራ ጣት፤ ግማሹን ስክሪን የሸፈነ፣ የእኔ አውራ ጣት። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ «እየቀረጸ ነው ወይስ አይደለም?» ግቢው በሳቅ ፈነዳ። መደበቂያ ፈለግሁ። አንድ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከምዜ የሚታየው ከዘራቸውን የያዘው እጅና የጢማቸው ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያለፍነው ለአንድ እጅና ለጥቂት ጢም ነው ማለት ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«ነጋን ኦላ» አሉ ምዜ ጋልገሎ። በሰላም ዋሉ ማለት ነው። ቪዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች «ነጋ!» ብለው መለሱ፤ በቦረና ደንብ መራቂ ብቻውን አይተውም። «ነጋን ቡላ» አሉ። በሰላም እደሩ። ሸራው ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን መሆኑን የረሱ ይመስል «ነጋ!» አሉ። በሦስተኛው ላይ ግቢው ሙሉ መለሰ። ነጋ በኦሮምኛ ሰላም ነው፤ በአማርኛ ጆሮዬ ግን ሌሊቱ አልፎ ነጋ፣ ነጋ የሚሉ ነበር የመሰለኝ።

ረህማ አልመለሰችም። አንገቷን ደፍታ ነበር። ምርቃቱ የእህቷ መሆኑን ታውቃለች። ያን ጊዜ ምዜ «ኢንተላ ቲያ» አሉ። «ልጄ።» ስም አልጠሩም። ያን ቀን ስም አለመጥራታቸውን እኔ ቀራጩ እንኳን አላስተዋልኩም ነበር። ሀሊማ ከጎኗ ተነሳችና እህቷን በትከሻዋ ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋቻት። «ስሚ፣ አንቺን ነው» አለቻት። ረህማ ቀና አለች።

ቪዲዮው ሲያልቅ ማማ ሀሊማ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ እኔ ዞረችና «ባባ ሚሚ፣ ድገመው» አለች።

ክብሩ ተሰማኝ። ተነስቼ እጄን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋሁ።

«አንተ አትንካ!» አሉ ታላሶ፣ እታገኝና ማማ ሀሊማ በአንድ ድምፅ።

ታላሶ ራሷ ነካችው። እኔ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የእኔ ጣት እንደገና መጣ፣ ሰው እንደገና ሳቀ፣ ምዜ እንደገና መረቁ። በዚህኛው ግን ከማንም ቀድማ የመለሰችው ረህማ ነበረች።